የኅዳር ብርና የየካቲት ማንኪያ፦ ከጌዴኦ ልዩ ቡና ስለመግዛት

በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በሴኡል ቡና ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የጌዴኦ ቡና ከረጢት ጽሑፉ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ይርጋጨፌ፣ የታጠበ፣ ደረጃ 1፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር፣ አገር በቀል ዝርያ፣ የአነስተኛ ገበሬዎች ምርት። ከሥሩ የጃዝሚን አበባ፣ ሎሚና ኮክ እንደሚሸት ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ያልተጻፈው ግን ገንዘቡ በየትኛው ወር፣ በማን እጅ ወደ ወረዳው እንደገባ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምከራከረው ለዚህ ላልተጻፈው ነገር ነው። በጌዴኦ ዓይነት ጠባብ ደጋ ጥሩ ቡና የሚያገኘው ምላሱ የሰላ ቀማሽ ሳይሆን እሸቱ በሚለቀምበት ሰሞን ብሩ የደረሰለት ገዢ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው። በዓለም ገበያ «ስፔሻሊቲ» የሚባለው በቅምሻ ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ፣ ጉድለቱ በጣም ያነሰ ቡና ነው። የጌዴኦ ቡና በደንብ ከተያዘ ይህን መስመር ያለ ብዙ ትግል ያልፋል። ስለዚህ ገዢን የሚያስጨንቀው 80 ማግኘቱ ሳይሆን ናሙናው ላይ የቀመሰውን 87 ከስድስት ወር በኋላ በኮንቴይነሩ ውስጥ ማግኘቱ ነው።

ጌዴኦ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ስፋቷ 1,400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የማይሞላ ዞን ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆናለች። ዋና ከተማዋ ዲላ ሲሆን መንገደኛ ከዚያ ወደ ደቡብ ወናጎን፣ ይርጋጨፌን፣ ኮቸሬን ያገኛል፤ ገደብና ቡሌ ከፍ ያሉት ወረዳዎች ናቸው። የገጠሩ ሕዝብ እጅግ የተጨናነቀ ነው፤ በአንዳንድ ወረዳ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ1,000 ሰው በላይ ይኖርበታል። እንዲያም ሆኖ ከሩቅ ለሚያየው ጫካ ይመስላል። ቡናው ከሥር፣ እንሰቱ ከመካከል፣ ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ሆነው በአንድ ማሳ ይኖራሉ። እንሰቱ ቤተሰቡን ያበላል፣ ቡናው ጥሬ ገንዘብ ያመጣል፣ ዛፉ ጥላ ይሰጣል፣ ቅጠሉ አፈር ይሆናል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያደነቀው ይህንኑ አኗኗርና ዛፍን ከጥንት ጀምሮ የጠበቀውን የባህል ሥርዓት ነው።

ለቡና ገዢ ከዚህ የሚወጣው ትርጉም ግን ቅርስነቱ አይደለም። ማሳው ትንሽ መሆኑ ነው። የአብዛኛው ቤተሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ግማሽ ሄክታር የጓሮ ቡና እንውሰድ። በአገር አቀፍ ደረጃ የተለመደው ምርት በሄክታር ከ6 እስከ 7 ኩንታል ስለሆነ ከዚህ ጓሮ 3 ኩንታል ያህል ጥሬ ቡና ይጠበቃል። በ60 ኪሎ ጆንያ 5 ጆንያ ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ይይዛል። እንግዲህ አንድ ኮንቴይነር ለመሙላት ቢያንስ ከ60 በላይ ጓሮ ያስፈልጋል። ያውም ሁሉም ገበሬ ያለውን በሙሉ ለአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ብቻ ካስረከበ ነው። በተግባር ገበሬው ከፊሉን ለጣቢያው ይሸጣል፣ ከፊሉን ለሰብሳቢ ይሰጣል፣ ከፊሉን ጀንፈል አድርጎ ለክፉ ቀን ቤቱ ያስቀምጣል። ስለዚህ ከአንድ ኮንቴይነር በስተጀርባ ብዙ መቶ ቤተሰብ አለ።

ከውጭ የሚመጣ ገዢ ደጋግሞ የሚጠይቀው ግን «ገበሬው ማን ነው?» ብሎ ነው። ኮስታሪካ ወይም ፓናማ ላይ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እዚያ አንዱ ባለ እርሻ ያመርታል፣ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ይሸጣል። እዚህ ጥያቄው ሰውን ወደ ተረት ይገፋዋል። አቅራቢው ገዢው የሚፈልገውን ስለሚያውቅ የአንድ አዛውንት ፎቶግራፍ ከቡና ዛፍ ሥር አንስቶ ይልካል፤ ቡናው ግን የ300 ሰው ነው። የአንድ ገበሬ ቡና ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። የራሱ የማድረቂያ አልጋ ሠርቶ፣ እሸቱን ሳያጥብ እንዳለ አድርቆ፣ 10 ወይም 20 ጆንያ ለብቻው የሚያስቀምጥ ጠንካራ ገበሬ በገደብም በይርጋጨፌም አለ፤ እየበዛም ነው። በሲዳማ በንሳ ያለ አንድ ገበሬ በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ ወጥቶ ቡናው በጨረታ በፓውንድ 185.10 ዶላር ሲሸጥ፣ የጌዴኦ ጎረቤቶቹም ጆሮአቸው ቆመ። ነገር ግን ያ ጨረታ የጥቂት ጆንያ ጨረታ ነው። ሎተሪ የደረሰው ሰው የጎረቤቱን ደሞዝ አያሳድግም።

የቡናው ዕጣ የሚወሰነው ጣቢያው ላይ ነው፤ እሱንም ጠጋ ብለን ብናየው ይሻላል።

በኅዳር ወር ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ እሸት ይዞ የሚመጣው ሰው ይበዛል። ከፊሉ በአህያ፣ ከፊሉ በሞተር፣ አብዛኛው በጀርባው ወይም በጭንቅላቱ ተሸክሞ ነው። ጆንያው ሸራ ላይ ይዘረገፋል። ተቀባዩ ወጣት እጁን ክምሩ ውስጥ አስገብቶ ይገለብጣል፤ ቀይና ደማቁን ወደ አንድ ጎን፣ አረንጓዴና ቢጫውን ወደ ሌላ። «ጋሼ፣ ይቺን ይዘው ይመለሱ» ይላል። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ነገ ይቀላ ነበር» ይላሉ ሰውየው። ነገ የሚቀላ ቡና ተለቅሞ አይቀላም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ሰውየው የጎረቤት ጣቢያ ሳይመርጥ እንደሚቀበላቸው፣ ወጣቱም ሰውየው ያንን እንደሚያውቁ ያውቃል። በዚህች ቅጽበት ተቀባዩ ኪስ ውስጥ ያለው ብር ከጎረቤቱ በኪሎ ጥቂት ብር የሚበልጥ ከሆነ መምረጥ ይችላል። እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ዝም ብሎ ይመዝናል። የመጨረሻው ጠጪ ሲኒው ውስጥ የሚያገኘው ጥፍጥና ወይም የሣር ጣዕም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከሚዛኑ በኋላ እሸቱ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የሚንሳፈፈው ባዶ ወይም ነቀዝ የበላው ስለሆነ ይገፈፋል። የቀረው በዚያው ሌሊት መፈልፈያ ውስጥ ማለፍ አለበት። ተፈልፍሎ የሚያሙለጨልጨው ሽፋን እንዳለበት ገንዳ ውስጥ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ያህል ይብላላል፤ በደጋው ቅዝቃዜ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ በረጅሙ ቦይ ውስጥ ጎረምሶች በእንጨት መግፊያ እየገፉ ያጥቡታል፤ ከባዱ ፍሬ ከታች ይቀራል፣ ቀላሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ከታጠበ በኋላ ብዙ ጣቢያዎች በንጹሕ ውኃ እንደገና ይዘፈዝፉታል። ቀጥሎ አልጋው ነው። ሽቦና መረብ የተዘረጋበት፣ ከመሬት እስከ ወገብ ከፍ ያለ ረጅም አልጋ። የታጠበው ከ10 እስከ 15 ቀን፣ ያልታጠበው ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ። ሴቶች በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ገለፈቱ የተላጠውን በጣታቸው ይለቅማሉ። በቀትር ፀሐይ ይሸፈናል፣ በማታ ጤዛ ይሸፈናል፣ ዝናብ ከመጣ ሁሉም ሰው ይሮጣል። ለአልጋው ሥራ የሚከፈለው የቀን ሂሳብ ትንሽ ነው። ጣቢያው ብር ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀንሰውም የእነዚህን ሴቶች ቁጥር ነው፤ ጉዳቱ ግን ለወራት አይታይም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ለአንድ ኮንቴይነር 115 ቶን እሸት ማለት ነው። ለምሳሌ የእሸቱ ዋጋ በኪሎ 100 ብር ቢባል 11.5 ሚሊዮን ብር ለእሸት ብቻ ያስፈልጋል፤ ደሞዙ፣ ነዳጁ፣ ጆንያው፣ መኪናው ገና አልተቆጠረም። ይህ ብር በየማታው በጥሬው ለገበሬ የሚከፈል ነው። ገበሬው የዱቤ ወረቀት አይፈልግም፤ ቀደም ባሉ ዓመታት በወረቀት ቀርቶ ያየው ነገር አለ። ጣቢያው ደግሞ ቡናውን ሸጦ ገንዘብ የሚያገኘው ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ነው። መካከሉን ማን ይሸፍነዋል?

አራት ዓይነት ሰው ይሸፍነዋል። ባንኩ፣ መያዣ ላለውና በወለድ። የገበሬዎች ዩኒየን፣ እሱም ራሱ ከባንክ ተበድሮ። ላኪው፣ በቀብድ መልክ። አልፎ አልፎ ደግሞ የውጭ ገዢው፣ ውል ፈርሞና የተወሰነውን ቀድሞ ልኮ። በየካቲት ማንኪያ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚቀምሰው በእነዚህ በአንዱ ገንዘብ የተሠራውን ቡና ነው። ቀብድ የከፈለው ላኪ ምርጡን አስቀድሞ ይወስዳል፤ ይገባዋልም። የቀረው «አቅርቦት» ተብሎ ዝርዝር ወጥቶለት ይሰራጫል። ዝርዝሩ ውስጥ ጥሩ ነገር ሊገኝ ይችላል፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያገኛል። ነገር ግን በየዓመቱ ከአንዱ ጣቢያ አንድ ዓይነት ቡና ለማግኘት የሚያልም ሰው በዝርዝር አይዘልቅም።

እዚህ የደረስነው በብዙ መጠማዘዝ ነው። እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ቡናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በጨረታ ይሸጥ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች በወረደበት የችግር ሰሞን ነበር የገበሬ ዩኒየኖቹ የተመሠረቱት፤ የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋቋመ። ዩኒየኖቹ ጨረታውን ዘለው በቀጥታ እንዲልኩ ስለተፈቀደላቸው፣ የውጭ ቡና ቆዪዎች ኮንጋ፣ አሪቻ፣ አዳዶ፣ ሀሩ፣ እዲዶ የሚሉ የቀበሌ ስሞችን በከረጢታቸው ላይ መጻፍ የጀመሩት በአብዛኛው ያኔ ነው። በዚያው ሰሞን ከእዲዶ የወጣው ያልታጠበ ቡና የብዙዎችን አስተያየት ቀየረ። ይርጋጨፌ ማለት የታጠበ ማለት ነው ብሎ የለመደው ገበያ፣ እንጆሪ የሚሸት ደረቅ ቡና በታጠበው ዋጋና ከዚያም በላይ መግዛት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ደረቅ ቡና ለጣቢያ ያልበቃው እሸት መጨረሻ ነበር።

ከዚያ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጣ። በአዋጅ ቁጥር 602/2000 መሠረት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የግል አቅራቢዎች ቡና በሙሉ በምርት ገበያው ማለፍ ነበረበት። ቡናው ዲላ ወይም ሐዋሳ መጋዘን ደርሶ ይቀመሳል፣ ክፍልና ደረጃ ይሰጠዋል፣ ተመሳሳይ ደረጃ ካገኘው የሌላ ጣቢያ ቡና ጋር አንድ ላይ ይቆለላል። ዋጋው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ይጠራል። ገዢው የሚገዛው «ይርጋጨፌ ሀ፣ ደረጃ 2» የሚል ወረቀት ነው፤ የጣቢያው ስም እዚያ ላይ ሞተ። የአሜሪካና የአውሮፓ ቆዪዎች በጣም ተናደዱ። ስምንት ዓመት ያህል በዚህ ላይ የተጻፈው ሮሮ ተቆጥሮ አያልቅም።

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከአብዛኛው ጸሐፊ ትንሽ እለያለሁ። ምርት ገበያው የጣቢያን ስም መሰወሩ ለልዩ ቡና ጎጂ ነበር፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን አቅራቢው በሸጠ ማግስት ገንዘቡን ያገኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት ነጋዴ ቡናውን ወስዶ ለሳምንታት «ነገ፣ ነገ» ማለቱ የተለመደ ነበር። ዋጋውም በገጠር ከተሞች በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይታይ ስለነበር ሰብሳቢው የአዲስ አበባውን ዋጋ ደብቆ መግዛት አልቻለም። ቆዪዎቹ ስለ ስም ሲጮኹ አቅራቢዎቹ ብዙም ያልጮኹት ለዚህ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነገሩን እንደገና ከፈተው። ላኪ ከአቅራቢ ጋር በቀጥታ ተስማምቶ፣ ውሉን አስመዝግቦ፣ ቡናውን ሳይቀላቅል እንዲወስድ ተፈቀደ፤ አቅራቢው ራሱ ላኪ እንዲሆን፣ ገበሬም ፈቃድ አውጥቶ እንዲልክ በሩ ተከፈተ። ዛሬ በገደብ የጨልበሳ ወይም የወርቃ ስም ያለበት ከረጢት በብዛት የምናየው ከዚያ ወዲህ ነው። የጣቢያው ስም ተመልሷል። የተመለሰው ግን ገንዘብ ላለው ነው፤ በማግስቱ ይከፍል የነበረው ሥርዓት በላኪው ቀብድና በላኪው ምሕረት ተተክቷል።

ከስም ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ነገሩ ከስታርባክስ ጋር ወደ ትልቅ ሙግት አደገ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ አካሄደ፣ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። ያኔ የተመረጠው መንገድ የመልክዓ ምድር አመልካች ሳይሆን የንግድ ምልክት ነበር፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ትናንሽ ጓሮዎችን እየዞሩ ማረጋገጥ አይቻልም በሚል ምክንያት። ምክንያቱ ብልህ ነው። ውጤቱ ግን ይርጋጨፌ የሚለው ስም ድንበር አልባ ሆኖ መቅረቱ ነው። በምርት ገበያው ምደባ የይርጋጨፌ ክፍል ይርጋጨፌን፣ ወናጎንና ኮቸሬን ብቻ ሳይሆን ከዞኑ ውጭ በኦሮሚያ ክልል ያለውን የገላና አባያን ቡናም ይጨምር ነበር። በሌላ በኩል እሸት ድንበር አያውቅም፤ በአጎራባቹ ጉጂና በገደብ መካከል በሌሊት በሞተር ይሻገራል፣ ዋጋ ወደሚሻልበት። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ካለው «ይርጋጨፌ» ይልቅ የጣቢያው ስም፣ ከጣቢያው ስም ይልቅ ጣቢያው እሸት የተቀበለበት መዝገብ የበለጠ ይናገራል። መዝገቡን ለማየት የሚጠይቅ ገዢ ግን ብዙ አይደለም።

ስለ ዝርያ ባጭሩ። «አገር በቀል» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደርቦ ይሸፍናል። አንደኛው ገበሬው ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ እያለ የሚለያቸው የአካባቢው ዓይነቶች ናቸው፤ ኩሩሜ ፍሬው ትንሽ፣ ወሊሾ ትልቅ ነው። ሁለተኛው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው፣ 74110፣ 74112፣ 74165 የመሳሰሉት ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገር ሲገባ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ በኢሉባቦር ጫካ ፈልገው እ.ኤ.አ. በ1974 የለቀሟቸው ስለሆኑ ነው ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው። እነዚህ አሁን በጌዴኦ ጓሮዎች ውስጥ ከኩሩሜው ጎን ይበቅላሉ። እንደ ንጹሕ ዝርያ ለይቶ የሚሸጥ ካለ በጥርጣሬ ተቀበሉት፤ ጓሮው ድብልቅ ነውና።

ቅምሻውም የራሱ ወጥመድ አለው። በጥር መጨረሻ የሚቀመሰው ናሙና ብዙውን ጊዜ ገና እረፍት ያላገኘ፣ በእጅ የተለቀመ 300 ግራም ነው። ቡናው ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ይቀሸራል፣ ይበጠራል፣ በመንግሥት የጥራት ምርመራ ያልፋል፣ ጅቡቲ ይወርዳል። ጠንቃቃ ገዢ የጣቢያውን ናሙና፣ የተበጠረውን ናሙናና ከመጫኑ በፊት የተወሰደውን ናሙና ሦስቱንም ይቀምሳል፤ በመጨረሻው ላይ እምቢ የማለት መብትም በውሉ ውስጥ ያስገባል። ብዙ ትንሽ ገዢ ግን የመጀመሪያውን ቀምሶ ለሦስተኛው ይከፍላል።

ስለ ጆንያውም አንድ ነገር ልጨምር፤ ተራ ነገር ይመስላልና። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አግኝታ ግዢዋ ለጊዜው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ጥርጣሬው ያረፈው በጆንያው ላይ እንጂ በገበሬው ማሳ ላይ አልነበረም፤ የጌዴኦ ገበሬማ ኬሚካል የሚገዛበት አቅምም የለው። ዛሬ ልዩ ቡና አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በጆንያ የሚገባው ጣዕሙ እንዳይጠፋ ቢሆንም ያ ትምህርትም አለበት። ከጅቡቲ መርከብ የሚዘገይበት ዓመት ሲመጣ ፕላስቲኩ ያለው ቡናና የሌለው ቡና ልዩነታቸው በግልጽ ይቀመሳል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ስለሆነ። ለብዙ ዓመታት የቡናው ዋጋ በአገር ውስጥ ከውጭው ዋጋ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዶላር በባንክ ወረፋ የማይገኝበት ዘመን ስለነበር ብረት ወይም መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ ቡና በውድ ገዝቶ በኪሳራ ልኮ፣ ኪሳራውን በሚያስመጣው ዕቃ ላይ ያወራርድ ነበር። ይህ ነጋዴ ጥራት አያሳስበውም፤ የሚፈልገው ቶን ነው። ምርጫ የሚያደርገው ጣቢያ ከእሱ ጋር በዋጋ መወዳደር አልቻለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀው ይህ ስሌት ተናጋ። በዚያ ላይ የዓለም ዋጋ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር አገኘች፤ የቀደመው ዓመት ገቢ 1.43 ቢሊዮን ነበር።

ለገበሬው ግሩም ዜና ነው። ለጥራት ግን ዋጋ ሲያሻቅብ የሚመጣ የራሱ ጣጣ አለ። ሌባ ሌሊት ጓሮ ገብቶ ስለሚሸመጥጥ ገበሬው ቡናው ሳይቀላ ለመልቀም ይጣደፋል። ሰብሳቢው ቀይ አረንጓዴ አይልም። በመስከረም በአንድ ዋጋ ውል የፈረመ አቅራቢ በታኅሣሥ ዋጋው ሲጨምር ውሉን ለማፍረስ ይፈተናል፤ ብዙውም ይፈርሳል። በእንዲህ ያለ ዓመት ውል የሚጠብቀው አቅራቢ ባለፉት ርካሽ ዓመታት ገዢው ያልተወው አቅራቢ ነው፤ ይህን ከሁለቱም ወገን ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ታዲያ በአሜሪካ ወይም በጀርመን ትንሽ መቁያ ያላት ትውልደ ኢትዮጵያዊት 10 ጆንያ ብቻ የምትፈልግ ከሆነ ምን ታድርግ? ኮንቴይነር አትሞላም፤ ቀብድ ለመላክም አቅሟ ውስን ነው። በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብት ቡና የመላክ ንግድ ሲፈቀድ የተቀመጠው የገንዘብ መነሻ ለትልልቅ ኩባንያ እንጂ ለእሷ የሚሆን አልነበረም። ያላት መንገድ ከሌሎች መሰሎቿ ጋር ሆና አንድ ላኪ በአንድ ኮንቴይነር አጣምሮ እንዲጭንላቸው ማድረግ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ቆዪዎች፣ አንድ ጣቢያ፣ በመስከረም የተፈረመ ውል። በዘመድ ዘመድ በኩል «ዲላ የማውቀው ልጅ አለ» በሚል የሚጀመረው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ በአየር በተላከ ሁለት ጆንያና በቅያሜ ያልቃል። የማውቀው ልጅ መልካም ልጅ ነው፤ የላኪነት ፈቃድ፣ የማበጠሪያ ማሽንና የባንክ ሰነድ ግን የለውም።

ከአውሮፓ የሚገዛ ሰው ሌላም የሚጠብቀው አለ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ቁጥር 2023/1115፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በሳተላይት ነጥብ እንዲመዘገብ ያዛል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተገፍቷል። ለጌዴኦ ግርምቱ እዚህ ላይ ነው፦ ዛፍ ሳይቆርጥ ለዘመናት ቡና ያበቀለው ገበሬ ዛፍ አለመቁረጡን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ከአንድ ኮንቴይነር በስተጀርባ ያሉትን ብዙ መቶ ጓሮዎች በስልክ ነጥብ መመዝገብ ደግሞ ሰውም ብርም ይጠይቃል። ዩኒየኖቹና ትልልቆቹ ላኪዎች ጀምረውታል። አንድ ጥቅም ግን ሊኖረው ይችላል፤ ጣቢያው ያልነበረው የገበሬ ዝርዝር በግድ ይኖረዋል፣ ያ ዝርዝር ደግሞ ሁለተኛ ክፍያ ለማከፋፈል ይጠቅማል።

ሁለተኛ ክፍያ ያልኩት ቡናው ከተሸጠ በኋላ ከትርፉ ለገበሬው የሚመለሰውን ነው። በዩኒየኖቹ ዘንድ ሕግ ነው፤ አንዳንድ የግል ጣቢያዎችም በኪሎ የተወሰነ ብር ብለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከፍላሉ። የሚከፈልበት ወቅት በደንብ የተመረጠ ነው፤ ክረምት ነው፣ ጎተራው የሳሳበት፣ የትምህርት ቤት ወጪ የሚቀርብበት። ጥሩ ቡና አለኝ የሚልን አቅራቢ ስትጠይቁ ከቅምሻው ነጥብ በፊት ያለፈውን ዓመት የሁለተኛ ክፍያ ፊርማ ዝርዝር ብትጠይቁት ፊቱ ላይ ብዙ ታነባላችሁ። ዝርዝሩ ያለው ሰው ደስ ብሎት ያወጣዋል።

አካባቢው ሰላም ያልነበረበት ጊዜ እንዳለም መርሳት አይገባም። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሏል። በቀጣዩ የለቀማ ወቅት አንዳንዱ ጓሮ ባለቤት አልነበረውም። ገዢዎች ያን ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ቢዞሩ አይፈረድባቸውም፤ የተመለሱት ግን ዛሬም ከነዚያው ጣቢያዎች ይገዛሉ።

የሚቀጥለው ትግል ከሌላ ቡና አብቃይ አገር ጋር አይመስለኝም። በዝቅተኛው የዞኑ ክፍል ጫት በቡናና በእንሰት ቦታ እየገባ ነው፤ ባህር ዛፍም ከላይ ይወርዳል። ጫት እንሰቱንም ጥላውንም አይፈልግም፣ የጌዴኦን ጓሮ ከሥሩ ያፈርሰዋል። ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ ደጅ ድረስ ይመጣል፣ ገበሬው እስከ ኅዳር አይጠብቅም። ቡና በዓመት አንዴ፣ ያውም ገንዘቡ ወቅቱን ጠብቆ ከደረሰ ነው የሚከፍለው። ይህን ሂሳብ ሠርተው የቡና ጉቶ ነቅለው ጫት የተከሉ ቤተሰቦች በወናጎና በዲላ ዙሪያ አሉ፤ የዓለም ዋጋ እንደገና ሲወርድ ሌሎችም ያንኑ ሂሳብ ለመሥራት ይቀመጣሉ።